የቀጥቃጩ ልጅ፦ የሶይቺሮ ሆንዳ ሕይወት

በገበያ ቀን ወደ አጅባር ብቅ ያለ ሰው ከበቅሎውና ከአህያው መካከል ሞተር ሳይክል አያጣም። የግብርናው ባለሙያ፣ የጤናው ሠራተኛ፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩም ዳገቱን የሚወጣው በእሱ ነው። ታዲያ ሞተሩ ቆመ ማለት ሥራውም ቆመ ማለት ነው። ሁነኛ መካኒክ እስኪገኝ ደግሞ ቀናት ያልፋሉ። እኛም ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ይኸው ዕጣ ይጠብቀናል። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን ስሙ በብዙ ሞተር ሳይክል ላይ የተጻፈውን፣ ታሪኩ ግን እምብዛም የማይነገርለትን ሰው ሕይወት ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶይቺሮ ሆንዳ ኅዳር 17 ቀን 1906 በጃፓን አገር፣ በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር፣ ኮምዮ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ጊሄይ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቱ ሚካ ደግሞ ሸማኔ ነበረች። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን ማጭዱንና ማረሻውን የሚሠራልንን ሰው ቡዳ ስንለው፣ ጋቢያችንን የሚሸምንልንን ቁጢት በጣሽ ስንለው ኖረናል። ሆንዳ ግን ያደገው በዚያው በወናፉና በመዶሻው ሥር ነው። አባቱ ኋላ ላይ ከቀጥቃጭነቱ ጋር የተሰበሩ ብስክሌቶችን እየገዛ፣ እየጠገነ መሸጥ ጀመረ። ልጁም ብረት እንዴት እንደሚግል፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የተሰበረ ነገር እንዴት እንደሚድን ገና በልጅነቱ አየ።

በትምህርቱ ግን ጎበዝ አልነበረም። መጽሐፍ ይሰለቸዋል፤ እጁ የሚነካውን ነገር ይወዳል። በዚያ ዘመን የተማሪው ውጤት ወደ ቤት ይላክና ወላጅ የቤተሰቡን ማኅተም አሳርፎበት ይመለሳል። ሶይቺሮ ውጤቱን ላለማሳየት ሲል ከብስክሌት ፔዳል ላስቲክ ማኅተም ቀርፆ እራሱ ያትም ጀመር። የሱ የቤተሰብ ስም የሚጻፍባቸው ፊደሎች እንደ እኛ «ዐ» ከቀኝም ከግራም አንድ ዓይነት ስለነበሩ ተንኮሉ አልታወቀበትም። ይሁንና ለጓደኞቹም ሊሠራላቸው ሲነሳ የነሱ ስም ፊደሎች እንደ «ረ» ሲገለበጡ የሚበላሹ ሆኑና ጉዱ ወጣ። ቅጣቱንም ቀመሰ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ እናመካኝለት አንልም። ግን ያ ልጅ እኮ ከላስቲክ ማኅተም መቅረፅ የቻለ ልጅ ነው! መምህሩ ቅጣቱን ሲያስብ እጁንም ቢያይለት ምን ነበረበት?

ወደ መንደሩ የመጀመሪያዋ መኪና ስትመጣ ሕፃኑ ሶይቺሮ ከኋላዋ ሮጠ። ስትቆም መሬት ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት እያሸተተ ተደሰተ ይባላል። በ1917 አንድ አሜሪካዊ አብራሪ በሐማማትሱ ከተማ አውሮፕላን ሊያሳይ መሆኑን ሲሰማ የአባቱን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ይዞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ጋለበ። የመግቢያ ገንዘብ ስላልነበረው ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ።

በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ አርት ሾካይ በሚባል የቶኪዮ ጋራዥ ሥራ ሊማር ገባ። ሞተር እነካለሁ ብሎ የሄደው ልጅ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የጌታውን ሕፃን ማዘል ነበር። ወለል ጠረገ፣ መሣሪያ አቀበለ፣ አየ። ወራት ካለፉ በኋላ መኪና እንዲነካ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! በመስከረም 1923 ቶኪዮን ያወደመው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ከጋራዡ የቀሩት ሠራተኞች ጥቂት ነበሩ። ቃጠሎ የበላቸውን መኪኖች እየጠገኑ የቆዩትም እነሱ ናቸው። በ1928 ጌታው አመነውና በሐማማትሱ የራሱን ቅርንጫፍ ጋራዥ ከፈተለት።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። በ1937 ገደማ ሆንዳ ጥገናው አልበቃ ብሎት የፒስተን ፋሻ ሊሠራ ተነሳ። ፋሻ ማለት በፒስተኑ ወገብ ላይ የሚጠለቅ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ሥራው ሁለት ነው፦ ከላይ የሚነደው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ ከታች ያለው ዘይትም ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቃጠል ይጠርጋል። ለዓይን ቀላል የሚመስለው ይህ ቀለበት ሆንዳን አሰቃየው። ፋሻው ወይ ይሰበራል፣ ወይ ይጠጥራል፣ ወይ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ሌሊቱን ሙሉ ቢደክምም አልሆነለትም።

የሚበልጠውን ሰው ፍለጋ ሄደ። በሐማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ፋሻውን መርምሮ በብረቱ ውስጥ ሲሊኮን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚጎድል ነገረው። ሆንዳ ደነገጠ። የዓመታት ልምድ ያላሳየውን ነገር ትምህርት በአንድ ምርመራ አሳየው! ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የሞላው ባለ ጋራዥ ከጎረምሶች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ፋሻን የሚመለከተውን ብቻ ነበር የሚያዳምጠው፤ ፈተናም አልተፈተነም፤ ዲፕሎማም አላገኘም። ፋሻውን ግን ሠራ። ለቶዮታ ኩባንያ 50 ፋሻ ለፍተሻ ቢያቀርብ ያለፉት 3 ብቻ ሆኑ። ተመልሶ ስህተቱን ፈለገ፣ ቀስ በቀስም ተቀባይነት አገኘ።

በዚህ አጋጣሚ ሞተር ላላችሁ መምህራን አንድ ነገር እናካፍል። ባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጢስ ካጨሰ፣ ዘይት ከጨረሰ፣ ዳገት ላይ ከደከመ ፋሻውን ጠርጥሩት። ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉና ካንዴላውን መልሳችሁ የማስነሻውን ፔዳል እርገጡ። ቀድሞ ልል የነበረው ከከበደ ያለቀው ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታል ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ነገሩ ከቫልቩ ሊሆን ይችላል። ካንዴላውንም እዩት። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። በኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ይህን ያመጣል። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮም እንዲሁ ያደርጋል። ፊልትሮውን ማጽዳት፣ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ፣ ካቴናውን ማጽዳት፣ ዘይት መቀባትና ውጥረቱን ማየት የማንም ሰው እጅ የሚችለው ሥራ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ጦርነቱ የሆንዳን ፋብሪካ አልማረውም፤ ከፊሉን ቦምብ፣ የቀረውን በ1945 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሰው። የተረፈውን ለቶዮታ ሸጠና አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በ1946 በሐማማትሱ በትንሽ የእንጨት ቤት እንደገና ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ በጃፓን ባቡሩ ጭንቅንቅ፣ ቤንዚኑ ብርቅ ነበር። ሆንዳ ሠራዊቱ ለሬዲዮ ማመንጫ ይጠቀምባቸው የነበሩ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የተጣሉ ትንንሽ ሞተሮችን አገኘ። አንዱን ከብስክሌት ጋር አገጣጠመው። ለሙከራው የቤንዚን ታንክ ያደረገው ሙቅ ውኃ ተሞልቶ መኝታ የሚሞቅበትን ዕቃ ነበር። ባለቤቱ ሳቺ ከመጀመሪያዎቹ ነጂዎች አንዷ ሆነች። የተጣሉት ሞተሮች ሲያልቁበት የራሱን መሥራት ጀመረ።

መስከረም 24 ቀን 1948 ሆንዳ ሞተር ኩባንያ ተቋቋመ። በ1949 «ድሪም» የተባለው ሞተር ሳይክል ወጣ። በዚያው ዓመት ታኬኦ ፉጂሳዋ የሚባል ሰው ተቀላቀለው። ሆንዳ ሞተሩን፣ ፉጂሳዋ ገንዘቡንና ገበያውን ያዙ፤ አንዱ በሌላው ሥራ አልገባም። በ1958 ሱፐር ካብ የተባለችውን ቀላል ሞተር ሠሩ። የክላቹ እጀታ ስለሌላት ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በአንድ እጁ ሊነዳት እንዲችል ታስባ የተሠራች ናት። እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በ1959 እንግሊዞች በሚኮሩበት በማን ደሴት ውድድር ገቡ፤ በ1961 በሁለት ክፍል አሸነፉ።

ሆንዳ መልአክ አልነበረም። ቁጡ ነበር፤ ብሎን በወጉ ያላጠበቀን ሠራተኛ በያዘው መሣሪያ እስከ መማታት ይደርስ ነበር። ይህን ከሱ እንድትማሩ አንሻም። በ1973 ግን በ66 ዓመቱ ከፉጂሳዋ ጋር በአንድ ጊዜ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ልጁን በወንበሩ አላስቀመጠም። ከዚያም በየቅርንጫፉ እየዞረ ሠራተኞቹን እጅ እየጨበጠ አመሰገነ። እጁ ዘይት ነውና ያፈረ ሠራተኛ ሲያጋጥመው ያንኑ እጅ ወድዶ ይጨብጥ ነበር ይባላል። ነሐሴ 5 ቀን 1991 አረፈ። መኪና ሠርቶ የኖረ ሰው በቀብሩ መንገድ መዝጋት የለበትም ብሎ ኩባንያው ትልቅ ቀብር እንዳያደርግለት አስቀድሞ ተናዝዞ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? እጅ ያለው ሰው በኛም አገር አልጠፋም። በ1867 በጋፋት የተቀለጠው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል በሰው ትከሻና ጉልበት እየተጎተተ፣ ጅዳንና በሽሎን ተሻግሮ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ወጥቷል። የጠፋው ባለ እጁን የሚያከብር ዓይን ነው።

ነገ ከመካከላችን አንዱ በቦረና ወይም በሳይንት ባለ አንድ ትምህርት ቤት ይመደባል። በክፍሉ ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ይኖራል። ጓደኞቹ አጠገቡ መቀመጥ ይጠሉ ይሆናል፤ ምናልባትም ከኋላ ወንበር ሆኖ ከሽቦ መኪና ይሠራል። መምህሩ መኪናዋን ነጥቆ መስኮት ላይ ሊወረውራት ይችላል። ወይም ደግሞ ሞተሩ ሲበላሽበት ያንን ልጅ ጠርቶ፣ ቁልፉን እያስያዘ፣ ካንዴላው ለምን እንደጠቆረ አብሮት ሊመረምር ይችላል። የሐማማትሱ መምህር ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ የባለ ሙያውን ሥራ ሳይንቅ ወስዶ መረመረ፣ የጎደለውን ነገረው።

የትኛው መምህር እንደምንሆን ከወዲሁ እናስብበት እንላለን።