ፖል ላ ኩር

ፖል ላ ኩር (ሚያዝያ 6 ቀን 1838 – ሚያዝያ 16 ቀን 1900 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1846 – ኤፕሪል 24 ቀን 1908) ዴንማርካዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪ፣ ፈልሳፊና መምህር ነበር። በነፋስ ኃይል ኤሌክትሪክ በማመንጨት ሥራው ይታወቃል። የነፋስ ማመንጫ ተክለው፣ ጠግነውና ጠብቀው የሚያሠሩ ባለሙያዎችን በመደበኛ ትምህርት ካሠለጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱም እርሱ ነው። ዛሬ በአርሲ ዞን፣ በኢተያና በአሰላ መካከል ባለው ደጋ ላይ የሚታዩት ተርባይኖች በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ የተተከሉ ስለሆኑ፣ የላ ኩር ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ላ ኩር የተወለደው በዩትላንድ ልሳነ ምድር፣ በኤበልቶፍት ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የእርሻ ቦታ ነው። ያደገው በገበሬ ቤት ሲሆን ይህ በኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኗል። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና የአየር ጠባይ ጥናት ተማረ። በ1872 የዴንማርክ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ሲመሠረት ምክትል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 26 ነበር።

የቴሌግራፍ ፈጠራዎች

የአየር ጠባይ መረጃ ከቦታ ቦታ የሚተላለፈው በቴሌግራፍ ስለነበር ላ ኩር ወደዚሁ ዘርፍ ገባ። በአንድ ሽቦ ብዙ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ ለመላክ፣ እያንዳንዱን መልእክት በተለየ የድምፅ ቃና የሚለይ ዘዴ ነደፈ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ኤሊሻ ግሬይም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ይሠራ ስለነበር የቀዳሚነት ክርክር ተነሥቷል። ላ ኩር ቀጥሎ የሠራው «የድምፅ መዘውር» የሚባለው መሣሪያ ነው። ይህም በሚንቀጠቀጥ የቃና ሹካ እየተመራ ፍጥነቱን ሳያዛንፍ የሚዞር ትንሽ ሞተር ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፓትሪክ ደላኒ በ1880ዎቹ ለቴሌግራፍ ሥርዓቱ ተጠቅሞበታል። ላ ኩር በእነዚህ ሥራዎቹ ብቻ እንኳ በታሪክ ሊጠቀስ ይችል ነበር።

ወደ አስኮቭ መሄዱ

በ1878 የመንግሥት ሹመቱን ትቶ በደቡብ ዩትላንድ በምትገኘው በአስኮቭ መንደር መምህር ሆነ። የአስኮቭ ትምህርት ቤት «የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት» ከሚባሉት ወገን ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቄስ ኒኮላይ ግሩንድትቪ አስተሳሰብ የተመሠረቱ፣ የገበሬ ልጆች የመግቢያ ፈተና ሳይጠየቁ እየገቡ የሚማሩባቸው ናቸው። አስኮቭ የተከፈተው በ1865፣ ዴንማርክ በጦርነት ተሸንፋ የሽሌስቪግን ግዛት ባጣች ማግሥት ሲሆን፣ በጠፋው ግዛት ውስጥ የቀረውን የሮዲንግ ትምህርት ቤት የተካ ነው። ከአዲሱ ድንበር ብዙ አይርቅም።

ላ ኩር እዚያ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማረው በታሪክ መልክ ነበር። ሕጉን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ሰዎች እንዴት እንደደረሱበት ይተርካል፣ ተማሪውም መንገዱን አብሮ ይሄዳል። ይህን አካሄድ በመጻሕፍትም አውጥቶታል፤ የታሪካዊ ፊዚክስ መጽሐፉን ያዘጋጀው ከባልደረባው ከያኮብ አፔል ጋር ነው።

የነፋስ ሙከራዎች

በ1880ዎቹ የኤሌክትሪክ መብራት በአውሮፓ ከተሞች መግባት ጀመረ። ገጠሩ ግን በጨለማ ቀረ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ይፈልስ ነበር። ላ ኩርን ያሳሰበው ይህ ነው። ዴንማርክ የሚገደብ ትልቅ ወንዝ የላትም፣ የድንጋይ ከሰሉም ከውጭ የሚመጣ ነበር። በብዛት ያላት ነፋስ ነው።

በነፋስ ኤሌክትሪክ ያመነጨ የመጀመሪያው ሰው ላ ኩር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብላይዝ በ1887፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ብረሽ ደግሞ በ1888 ቀድመውታል። ሁለቱም ግን የሠሩት ለየራሳቸው ቤት ነበር፤ ላ ኩር ያሰበው ለመንደር ነው። በ1891 በመንግሥት ገንዘብ የመጀመሪያውን የሙከራ ወፍጮ በአስኮቭ አቆመ፣ በ1897 ደግሞ የሚበልጥ ጨመረ።

ሁለት ችግሮች ገጠሙት። የመጀመሪያው ነፋስ እኩል አለመንፈሱ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ዳይናሞው ይፈጥናል፣ ሲዳከም ይዝላል፣ መብራቱም አብሮ ይዋዥቃል። ለዚህ «ክራቶስታት» የተባለ መቆጣጠሪያ ፈለሰፈ። በኋላ ቀለል ተደርጎ የተሠራውን ዓይነት በገጠር የእህል ወፍጮ ቤት ቺንጋ ሲዞር ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ወፍጮውን ከዳይናሞው የሚያገናኘው ቺንጋ በተንጠለጠለ ክብደት ይወጠራል፤ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ቺንጋው ይሸራተታል፣ ትርፉ ጉልበት ወደ ዳይናሞው አይደርስም። ከዚህ ሌላ የነፋሱ ኃይል ሲወርድ ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ወደ ዳይናሞው ተመልሶ እንዳይፈስ የሚያቋርጥ፣ በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ሠርቷል።

ሁለተኛው ችግር ማጠራቀም ነው። ባትሪ ያን ጊዜ ውድ ነበር። ስለዚህ ላ ኩር በኤሌክትሪኩ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፍሎ ጋዞቹን በጋን ያከማች ጀመር። የአስኮቭ ትምህርት ቤት ከ1895 እስከ 1902 ድረስ በዚህ ጋዝ መብራት አበራ። አደጋም ነበረው። ሃይድሮጅኑ ውስጥ ጥቂት ኦክስጅን በገባ ቁጥር ይፈነዳ ስለነበር የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ደጋግመው ረግፈዋል። ዛሬ ሃይድሮጅንን ከነፋስ ኃይል ማምረት እንደ አዲስ ነገር ሲወራ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው። ላ ኩር በመጨረሻ ወደ ባትሪ ተመለሰ፣ የአስኮቭ መንደርም በነፋስና በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አገኘች።

በዚሁ መሐል የክንፉን ቅርጽ አጠና። በራሱ በሠራው የነፋስ ቱቦ ውስጥ ትንንሽ ሞዴሎችን እየፈተነ፣ ክንፉ የሚገፋው ከፊት በሚመጣው ነፋስ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው በሚፈጠረው መሳብ ጭምር መሆኑን አየ። ጥቂትና ፈጣን ክንፎች ከብዙና ዘገምተኛ ክንፎች ይልቅ ለኤሌክትሪክ እንደሚመቹም ተረዳ። የብረሽ ወፍጮ 144 ክንፎች ነበሩት፤ ላ ኩር አራት በቂ ናቸው አለ። ውጤቱን በ1900 እና በ1903 «የሙከራ ወፍጮው» በሚል ርእስ አሳተመ።

የገጠር ኤሌክትሪሻኖች ሥልጠና

በ1903 ላ ኩርና ተባባሪዎቹ የዴንማርክ የነፋስ ኤሌክትሪክ ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ጣቢያ መትከል ለሚፈልጉ መንደሮችና ገበሬዎች ምክር ይሰጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የጎደለው ሰው መሆኑ ታየ። ወፍጮውን የሚሠራ አናጺና አንጥረኛ በየመንደሩ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ግን የለም። አንድ ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ከከተማ መሐንዲስ ማስመጣት ደግሞ ከመብራቱ የበለጠ ያስወጣል።

ስለዚህ ከ1904 ጀምሮ በአስኮቭ ለገጠር ወጣቶች የኤሌክትሪሻን ኮርስ ተከፈተ። የነፋስ ኤሌክትሪክን ብቻ የሚመለከት መጽሔትም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀት ሰፊ ነበር። የመንደር ጣቢያ ኃላፊ የሚሆን ሰው ቤት ውስጥ መስመር መዘርጋት፣ ዳይናሞ መፍታትና መግጠም፣ ቺንጋ ማስተካከል፣ ዐውሎ ነፋስ ሳይደርስ ወፍጮውን ማቆም ነበረበት። ከሁሉም አድካሚው ባትሪው ነው። አንድ የእርሳስና የአሲድ ሴል 2 ቮልት ያህል ብቻ ስለሚሰጥ ለ110 ቮልት መስመር 55 ያህል ሴሎች በተከታታይ ይደረደራሉ፤ የእያንዳንዱ አሲድ ይለካል፣ የጎደለው የተጣራ ውሃ ይሞላል። አንዱ ሴል ቸል ከተባለ ጉዳቱ ለረድፉ ሁሉ ይተርፋል። ነፋስ ለሳምንት ቢጠፋ ደግሞ መጠባበቂያውን የነዳጅ ሞተር የሚያስነሣው ያው ሰው ነው።

የላ ኩር ትልቁ ሥራ የቱ ነው ቢባል ይህ ኮርስ ነው ማለት ይቻላል። ክራቶስታቱ አልፎበታል፣ የጋዝ መብራቱም ቀርቷል። ዕውቀቱ ግን በገበሬ ልጆች እጅ ስለገባ መምህሩ ከሞተ በኋላም ሥራው አልቆመም። ላ ኩር በአስኮቭ ሳለ በ62 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ

በ1918 በዴንማርክ 120 ያህል የአካባቢ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች የነፋስ ማመንጫ ነበራቸው። አብዛኞቹ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ ሲሆኑ፣ ድምራቸው ወደ 3 ሜጋ ዋት ይጠጋ ነበር፤ ይህም የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍጆታ 3 በመቶ ያህል ይሸፍን ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነዳጅ ረከሰ፣ ከከተማ የሚመጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክም እየተስፋፋ ሄደ። የላ ኩር ጣቢያዎች በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለነበሩ አንድ በአንድ ተዘጉ።

የሥልጠናው ፍሬ የታየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1904 በአስኮቭ ከተማሩት መካከል ዮሃንስ ዩል የተባለ ወጣት ነበር። ዩል ዕድሜውን አብዛኛውን በኤሌክትሪሻንነትና በኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራ አሳልፎ፣ ሊያረጅ ሲል ወደ ልጅነት ትምህርቱ ተመለሰ። በ1957 በጌድሰር የተተከለው ባለ 200 ኪሎ ዋት ተርባይን የእርሱ ንድፍ ነው። ሦስት ክንፎች ነበሩት፣ የክንፎቹ ዙሪያ ስፋት 24 ሜትር ነበር፣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እያመነጨ በቀጥታ ወደ መስመር ያስገባ ነበር። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የክንፎቹ ጫፎች በራሳቸው ዞረው ፍሬን ይሆናሉ። እስከ 1967 ድረስ ሠራ። በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ የዴንማርክ አናጺዎች፣ አንጥረኞችና የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ተርባይን መሥራት የጀመሩት ይህንኑ ንድፍ ይዘው ነው። ከእነዚህ አንዱ በ1980 በብራንደ ከተማ ከመስኖ መሣሪያ አምራች ኩባንያ የወጣው፣ በኋላ ቦኑስ የተባለው ድርጅት ነበር። ቦኑስን በ2004 ሲመንስ ገዛው፣ በ2017 ደግሞ ከስፔኑ ጋሜሳ ጋር ተዋሕዶ ሲመንስ ጋሜሳ ሆነ።

በአስኮቭ ላ ኩር የሙከራ ወፍጮውን የተከለበት ሕንፃ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው።

አሰላና የአርሲ ደጋ

የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኢተያ ከተማ አቅራቢያ ነው። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሠራው ሲመንስ ጋሜሳ ሲሆን፣ 29 ተርባይኖች አሉት፤ የማመንጨት አቅሙ 100 ሜጋ ዋት ነው። የእያንዳንዱ ተርባይን የክንፎች ዙሪያ ስፋት 132 ሜትር ይደርሳል፣ ከጌድሰሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ አየሩ ከዴንማርክ ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እዚህ የሚሰጠው ጉልበት በዚያው መጠን ያንሳል። ይሁን እንጂ የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ የፍጥነት ትንሽ ጭማሪ ይህን ይክሳል። በኢትዮጵያ ደጋ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ገበሬው በአውድማ እህሉን በሚያዘራበት ወራት ሲሆን፣ ያ ደግሞ ግድቦች ውሃ የሚቀንሱበት ጊዜ ነው።

ለአርሲ በሙያ ሥልጠና ላይ የተመሠረተ የስካንዲኔቪያ እርዳታ አዲስ አይደለም። በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችን እየሠራ ይፈትን፣ ገበሬዎችንም ያሠለጥን ነበር።

የዛሬው ተርባይን ቴክኒሻን ሥራ ከአስኮቭ ተማሪዎች ሥራ በብዙ ይለያል። ባትሪ አይጠብቅም፣ ኤሌክትሪኩም ወደ መንደር ሳይሆን ወደ ብሔራዊው መስመር ይገባል። የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ ማማውን ይወጣል፣ የብሎኖችን ጥብቀት ይለካል፣ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ይመረምራል፣ የክንፎቹን አቅጣጫ የሚቀይሩ መሣሪያዎችን ይፈትሻል። ወደ ክንፎቹ መጋጠሚያ ከመግባቱ በፊት መዘውሩን በብረት ቁልፍ ማሰር ግዴታው ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ብዙ አምራቾችና ባለቤቶች የሚቀበሉት ዓለም አቀፍ የደህንነት ሥልጠና የመጀመሪያ እርዳታን፣ ሸክም አያያዝን፣ የእሳት አደጋን፣ ከፍታ ላይ መሥራትንና ለባሕር ጣቢያዎች ደግሞ ባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍን ያካትታል፤ ሥልጠናውም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ለኢተያ የባሕሩ ክፍል አያስፈልግም።

በአስኮቭ የታየው ጥያቄ ግን በኢተያም አለ። ኢትዮጵያ ቀደም ሲል በአሸጎዳ 120፣ በአዳማ ሁለት ምዕራፎች ደግሞ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫዎች ተክላለች። አቅራቢዎቹ የፈረንሳይና የቻይና ኩባንያዎች በመሆናቸው የተርባይኖቹ ዓይነት፣ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌራቸውና መለዋወጫቸው ይለያያል። በአዳማ የሠለጠነ ቴክኒሻን ወደ ኢተያ ቢመጣ መሠረታዊው ፊዚክስ ያው ቢሆንም ስለ ማሽኑ እንደገና መማር ይኖርበታል። በኢተያ አንድ ተርባይን ሲቆም ወደ 3.45 ሜጋ ዋት የሚጠጋ አቅም ይጎድላል፤ ይህ በ1918 የዴንማርክ የነፋስ ጣቢያዎች በሙሉ በአንድነት ከነበራቸው አቅም አያንስም።