ተጫዋች መራጩ መምህር
የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ኤልያስ፣ ከዲማ እስከ ዋሸራ፣ የአንድ መምህር ታላቅነት የሚመዘነው በራሱ ዕውቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን ከእጁ በወጡት ደቀ መዛሙርት ነው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአገር አገር እየተሻገረ ወደሚሻው መምህር ይሄዳል። በስፖርት ዓለም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መምህሩ ነው ተማሪውን ፍለጋ የሚሄደው። ያልታየውን የሚያይ፣ ያልተሰበሰበውን የሚሰበስብ፣ ከልዩ ልዩ ወገን የመጡትን አንድ አድርጎ የሚያሰልፍ አሠልጣኝ ከጥሩ ተጫዋች ይልቅ ብርቅ ነው። በአገራችን የእግር ኳስ ታሪክ ይህን ሥራ በቀዳሚነት ከሠሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ትውልዳቸው ከጎጃም ባይሆንም፣ ወጣት መምረጥና ማሠልጠን ሙያው ለሆነ ሰው ሁሉ ሕይወታቸው ትምህርት ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ. ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጁ የአባቱን የቃል ችሎታ በከፊል ወርሷል ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ፊት ቆመው ሲከራከሩ አንደበታቸው ከእግራቸው ባላነሰ አገልግሏቸዋልና። ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከታተሉ ሲሆን፣ ከኳስ ጋራ የተሳሰሩትም ገና በተማሪነታቸው ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወዲያውም የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በወረራው ዘመን ገዢዎቹ ነጩንና ጥቁሩን በኑሮም በመዝናኛም ለይተው ስለነበር ኢትዮጵያዊው ከጣሊያናዊው ጋራ በእኩልነት ሜዳ ሊገናኝ አይችልም ነበር። በቆዳ ቀለም መለየት ምን ማለት እንደ ሆነ ይድነቃቸው የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ሜዳ ነው። በኋላ ዘመን ስለ ዘር ልዩነት በያዙት አቋም ፈጽሞ አለመላላታቸው ከዚህ የወጣትነት ዘመን ጋራ ተያይዞ ሊታይ ይገባዋል።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የጣሊያኑና የእንግሊዙ ማኅበረሰብ የየራሱን ቡድን አቁሞ ሲጫወት፣ የኢትዮጵያውያኑን ስም ይዞ የተሰለፈው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ 23 ዓመት ተጫውተው ከ300 በላይ ግቦች እንዳስቆጠሩ በስማቸው ተመዝግቧል። ብሔራዊው ቡድን በ1940 ዓ. ም. የፈረንሳይ ሶማሌ ላንድን ቡድን በአዲስ አበባ ገጥሞ 5 ለ 0 ባሸነፈበት ዘመንም ከአገሪቱ ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ተጫዋች መሆን ብቻ አይበቃም ነበር። ደንብ የሚያወጣ፣ ውድድር የሚያሰናዳ፣ ዳኛ የሚያሠለጥን፣ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይድነቃቸው ቀን በቢሮ፣ ማታ በሜዳ ሆነው ይህን ሁሉ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋራ ተሸከሙት።

በ1948 ዓ. ም. በሊስቦን በተደረገው የዓለም እግር ኳስ ጉባኤ ላይ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን እንዲቋቋም መከሩ፤ በየካቲት 1949 ዓ. ም. በካርቱም ኢትዮጵያም ተጨምራ ማኅበሩ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም፤ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ አለች። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ውድድሩም ያለ ደቡብ አፍሪካ በሦስት ቡድን ተካሄደ። ይድነቃቸው በምልመላ ላይ የነበራቸው የመጀመሪያው ደንብ በዚህ ይገለጻል፤ ተጫዋች በችሎታው ካልሆነ በምንም ሊመረጥ አይገባውም።

ይህ ደንብ በአገር ውስጥ የተፈተነው በ1954 ዓ. ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ይድነቃቸው የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። ያሰባሰቡት ቡድን የአዲስ አበባን፣ የአሥመራንና የድሬዳዋን ልጆች ያቀፈ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበረበት፤ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱት ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎም ነበሩበት። ከወረራው 20 ዓመት ብቻ ባለፈበት ጊዜ የጣሊያን ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያ ቡድን አምበል መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም አምበሉ ሉቺያኖ ሆነ። በወራሪው የቀለም ሕግ ሥር ያደጉት አሠልጣኝ ያንኑ ሕግ ገልብጠው በሌላው ላይ አልጫኑም።

ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ ዛሬ አዲስ አበባ ስታዲየም በሚባለው፣ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን በተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ስም ገጠመ። ባለሜዳው ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሉቺያኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ አራተኛዋን አከሉ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ነበር። በዕድሜ የገፉ የኳስ አፍቃሪዎች ያን ቀን ሲያነሡ ከግቦቹ ይልቅ ደጋግመው የሚያወሱት የቡድኑን አንድነት ነው።

ዓመቱ ሳይሞላ፣ በኅዳር 1955 ዓ. ም.፣ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ረጅሙም ጦርነት ቀጠለ። በአንድ መለያ የተሰለፉትን ልጆች ዘመኑ በታተናቸው፤ ሉቺያኖም ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። አሠልጣኝ ያሰባሰበውን ፖለቲካ ሊበትነው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ሥራቸው ከአገር ወደ አህጉር ሰፋ። ለአፍሪካ የተለየ ቦታ ባለመሰጠቱ የአህጉሩ አገሮች ከ1966ቱ (እ. ኤ. አ.) የዓለም ዋንጫ በአንድነት ሲቀሩ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ለሚቀጥለው ውድድር አፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ. ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። በ1968 ዓ. ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር ስትባረር የብዙ ዓመት ክርክራቸው ፍሬ አፈራ።

በአንድ ጉዳይ ግን ደጋፊዎቻቸው እንኳ ከእሳቸው ጋራ አልተስማሙም። የአውሮፓ ክለቦች የአፍሪካን ልጆች እየመለመሉ መውሰዳቸው ይድነቃቸውን እጅግ ያሳስባቸው ነበር። ከ1958ቱ የቱኒዝያ ውድድር ጀምሮ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ በውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ደንብ ወጥቶ ነበር። የደንቡ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዘሩ ተሰብስቦ ከሄደ ማሳው ባዶ ይቀራል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ልጅን ባላደገበት ሜዳ እንዳይሠራ ማገድ ልጁንም አገሩንም ይጎዳል ይሉ ነበር። ደንቡ በ1974 ዓ. ም. ተነሣ፤ ጎርፉም አልቆመም። ይሁን እንጂ ይድነቃቸው ያነሡት ጥያቄ፣ ያሳደገው ድኻ ክለብ ምን ይተርፈዋል የሚለው፣ ዛሬም መልስ አላገኘም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ. ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሞታቸው በኋላ አገራቸው በአፍሪካ ዋንጫ እንደ ገና ለመታየት እስከ 2005 ዓ. ም. መጠበቅ ነበረባት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየችበት ውድድር ጀምሮ ሲቆጠር 31 ዓመት መሆኑ ነው። ዋንጫውንም ዳግመኛ አላነሣችም።

የዚህ ድርቀት ምክንያቱ ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በ1954ቱ ድል ውስጥም ተሸሽጎ ይገኛል። ያን ጊዜ ኳስ የሄደችው ባቡር፣ ፋብሪካና የጦር ሰፈር በሄዱበት መንገድ ነበርና ምርጫው ከጥቂት ከተሞች አልራቀም። የጎጃም ደጋ ልጅ ግን ከኳስ ሜዳ በፊት የገና ሜዳ ነበረው። ሩር እየተከተለ ከዳገት ቁልቁለት ሲሮጥ፣ ሁለቱ የቡድን አባቶች ተጫዋች ተራ በተራ ሲመርጡ፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ያለ ቁጣ ሲላተሙ ያደገ ልጅ ነው። ትንፋሹም፣ ቅልጥፍናውም፣ በችሎታ የመመረጥ ልማዱም ነበረው፤ የጎደለው መጥቶ የሚያየው ሰው ነው።

ስለዚህ የይድነቃቸው ውርስ በሐውልትና በዋንጫ ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ከእንግዲህ ከአዋበል ወይም ከማቻከል ትምህርት ቤት ሜዳ በባዶ እግሩ የሚጫወት አንድ ልጅ አይቶ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ስሙን የሚመዘግብ የስፖርት መምህር ሁሉ እሳቸው የጀመሩትን ሥራ ይቀጥላል።