የሄንሪየታ ላክስ ያልተጠየቀ ፈቃድ

ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉ እናቶች ስሟን ባይሰሙም፣ የሄንሪየታ ላክስ ታሪክ እነሱንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1920 ቨርጂኒያ የተወለደች፣ የትምባሆ እርሻ ላይ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1951 የማሕፀን በር ካንሰር ይዟት ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢው ቆርጠው ለምርምር ሰጡ። እሷ በዚያው ዓመት አምስት ልጆቿን ትታ በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ሕዋሳቷ ግን ሂላ በሚል ስም እስከ ዛሬ ይራባሉ።

በ1980ዎቹ የሃራልድ ሱር ሃውዘን ቡድን በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ የኤችፒቪ 18 ቫይረስን ዘረመል አገኘ። ቫይረሱ የሚያሠራው ፕሮቲን ፒ53 የተባለውን የሕዋስ ዘብ ያስወግዳል፤ ያኔ ሕዋሱ ያለልጓም ይከፋፈላል። መከላከያ ክትባቱ በዚሁ ዕውቀት ላይ ተሠርቶ በ2018 በመላ ኢትዮጵያ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በ2014 የታተመ ጥናትም የጉራጌ ዞን ሴቶችን ለዚሁ የቫይረስ ቤተሰብ መርምሯል።

እኔን የሕግ ሰውን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢ ለማለት ግን መጠየቅ ይቀድማል፤ ሄንሪየታን የጠየቃት የለም። ቤተሰቧ የሰማው 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ወራሾቿ ከቴርሞ ፊሸር ኩባንያ ጋር የታረቁት በ2023 ሲሆን፣ የስምምነቱ ዝርዝር አልተገለጸም።