ከእጅ ሥራ እስከ መንግሥት አማካሪነት፦ የመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሕይወት ታሪክ

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ አዲስ አበባን ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ የሚከቧት አካባቢዎች ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በቡራዩ በኩል ለዋና ከተማዋ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ አለ። ሰበታ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚያመራው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻ ናት፤ የመስመሩ የኢትዮጵያ ክፍል የተመረቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2016 ነው። የቧንቧ ውኃና የባቡር ሐዲድ ዛሬ ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት የሚጠብቃቸው አገልግሎቶች ናቸው። በአገራችን የሁለቱም ጅማሬ ከአንድ መሐንዲስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። እኒህ ሰው በዘመናቸው ሙሴ ኢልግ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና ወደ ሸዋ መምጣት

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 ፍራውንፌልድ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የሜካኒካል ምሕንድስና አጠኑ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለአገራቸው የሚጠቅም የአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና፣ ጥያቄያቸው በኤደን ወደብ ይሠሩ በነበሩ የስዊዘርላንድ ነጋዴዎች አማካይነት ለወጣቱ መሐንዲስ ደረሰ። ኢልግም ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው ጉዞ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 (በ1871 ዓ.ም.) ሸዋ ሲደርሱ ገና ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ አማርኛን አጥርተው ተምረው ሥራቸውን ያለ አስተርጓሚ ለመምራት በቁ።

የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች

ኢልግ የመጡት ትላልቅ ግንባታዎችን ለመሥራት አስበው ቢሆንም ንጉሡ በቶሎ አላመኗቸውም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ጫማ እንዲሰፉ የሚል ነበር። መሐንዲሱ ከሙያቸው ውጭ መሆኑን ሳያመካኙ ጫማውን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ከአውሮፓ የሚገዛው ጠመንጃ በዋጋም በጥራትም እንደሚሻል ቢያስረዱም ንጉሡ በአሳባቸው ጸኑ፤ ኢልግም ጠመንጃውን በእጃቸው ሠርተው አሳዩ።

በእነዚህ ሥራዎች ንጉሡ የባለሙያውን ትዕግሥትና የቃሉን እውነተኛነት መዘኑ። ኢልግም በበኩላቸው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋውንና የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን በግልጽ መናገርን ልማድ አደረጉ። ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ትልልቅ ሥራዎች በእጃቸው እንዲገቡ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

የአዋሽ ድልድይ

አዋሽ በክረምት ሲሞላ መንገደኛና ነጋዴ ይታገዱ ነበር። ንጉሥ ምኒልክም በወንዙ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ፈቀዱ፤ ነገር ግን አስቀድመው የድልድዩን ናሙና ለማየት ጠየቁ። እንደሚተረከው ኢልግ ያቀረቡትን የመጀመሪያ ናሙና ንጉሡ በጡጫ መትተው ሰበሩት። መሐንዲሱ ከፊተኛው የጠነከረ ሌላ ናሙና ሠርተው መለሱ፤ ይህኛው የንጉሡን ክንድ ስለቻለ ሥራው እንዲጀመር ተፈቀደ።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ተሠራ። በአካባቢው የተዘጋጀ መንገድም ሆነ ጋሪ ስላልነበረ ወራጅና ማገር የሚሆነው እንጨት ከሩቅ ጫካ ተቆርጦ በሰው ትከሻ ተጓጓዘ። ምስማርና ብሎኑም እዚያው በሥራው ቦታ በእጅ ተቀጠቀጠ። ቀን ሐሩሩ፣ ሌሊት አውሬው ሠራተኛውን ያስጨንቀው ነበር። ስለዚህ የኢልግ ኀላፊነት ሥዕል መንደፍ ብቻ አልነበረም። ሠራተኛን ማሰማራት፣ ዕቃን በጊዜው ማድረስና የሰውን ደኅንነት መጠበቅም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ዛሬ የግንባታ ሥራ አመራር የምንለውን ሙያ የተማሩት በዚህ ዓይነት የሥራ ቦታ ነው።

ከእንጦጦ የወረደው ውኃ

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕዝቡ ቍጥር እየጨመረ ሄደ። በኮረብታ ላይ ወደ ተሠራው ቤተ መንግሥት ውኃ የሚደርሰው በእንስራ ነበር። ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ ጠልፈው በቧንቧ ወደ ግቢው ለማስገባት ያቀረቡት አሳብ ብዙ ሰዎችን አላሳመነም፤ ወደ ሸለቆ የወረደ ውኃ እንደገና ኮረብታ ይወጣል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበርና። የአሠራሩ ምስጢር ግን ቀላል ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ አርቆ ይበልጠዋል። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ውኃም ምንጩ ካለበት ከፍታ በታች እስከ ሆነ ድረስ በራሱ ግፊት ይወጣል።

በዘመኑ የምድር ባቡር ስላልነበረ ቧንቧዎቹ ከባሕር ጠረፍ ድረስ በጋማ ከብትና በግመል ተጭነው መጡ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1894 ገደማ ተጠናቆ ውኃው በግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ሕዝቡም እጅግ ተደንቆ ግጥም ገጠመለት። በኢትዮጵያ የዘመናዊ የቧንቧ ውኃ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ሥራ ነው።

የምድር ባቡር ውል

የኢልግ ትልቁ ሥራና ትልቁ ፈተና የምድር ባቡር ነበር። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1894 ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጧቸው። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ከፋን አልፎ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ የታቀደ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1896 ኩባንያውን አቋቋሙ፤ ሥራው በተከታዩ ዓመት ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር የሚወስደው ተራራ እጅግ ውድና አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1902 የደረሰበት ይህ ስፍራ ድሬዳዋ ለተባለችው ከተማ መወለድ ምክንያት ሆነ።

ሐዲዱ ወደ ፊት ሲገፋ የኩባንያው ገንዘብ ወደ ኋላ ቀረ። ኩባንያው ከውጭ ባለ ገንዘቦች ካፒታል ሲፈልግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ገባ። ውሉ ድጎማ ቢያስገኝም ለፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጠ። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያልመከሩበት በመሆኑ አጼ ምኒልክ እጅግ ተቈጡ። የንግድ መስመር ይሆናል የተባለው ሥራ የአገርን ሉዓላዊነት የሚነካ ጉዳይ ሆነ፤ ግንባታውም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በመጨረሻም የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ፈቃዱም እ.ኤ.አ. በ1908 ለአዲስ ኩባንያ ተላለፈ።

የምሕንድስናው ክፍል በረሃውንና ዳገቱን ድል ነሥቶ ሳለ ሥራው የተደናቀፈው በገንዘብና በውል አያያዝ ነበር። ኢልግ በጕዳዩ ውስጥ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ በሌላ ወገን የኩባንያው መሥራች ነበሩና በሁለቱ መካከል መቆም አስቸጋሪ ሆኖባቸዋል።

አማካሪነትና የመጨረሻ ዓመታት

ኢልግ በግንባታ ያገኙት አመኔታ ወደ ከፍተኛ የመንግሥት ኀላፊነት አደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከዓድዋ ድል ማግሥት፣ በክቡርነት ማዕረግ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። አውሮፓውያን መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ በላኩበት በዚያ ዘመን ከውጭ አገር ጋር በሚደረገው መጻጻፍና ድርድር አጼ ምኒልክን አገለገሉ። የውጭ ጉዳይ ሥራን እንደሚመራ ሰውም ይታዩ ነበር።

ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ ከኢትዮጵያ መንግሥት ሥራ ተለይተው ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር በአገራቸው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 1916 በዙሪክ ከተማ አረፉ። ፈቃዱን የተቀበሉለት ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከሞታቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ የልፋታቸውን ፍጻሜ ሳያዩ ቀሩ። በኢትዮጵያ ያነሧቸው ፎቶግራፎችና የሰበሰቧቸው ዕቃዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከሕይወታቸው የሚገኝ ትምህርት

የአልፍሬድ ኢልግ ታሪክ በግንባታና በመሠረተ ልማት አስተዳደር ሙያ ለተሰማሩ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ በሙያው ወደ አመራር የሚያደርሰው መንገድ በጥቃቅን ሥራዎች ይጀምራል፤ ድልድዩን ያስገኘው አመኔታ የተወለደው ከጫማውና ከጠመንጃው ነው። ሁለተኛ፣ ባለሙያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እውነተኛውን ዋጋ መናገር፣ ናሙናውም ሲሰበር ሳይቀየም አጠንክሮ መመለስ ይጠበቅበታል። ሦስተኛ፣ ውል እንደ ብረቱና እንደ ድንጋዩ ሁሉ የግንባታው አካል ነው። በገንዘብ ምንጩና በባለቤትነቱ ላይ በጊዜ ያልተመከረበት ሥራ መሐንዲሱ የቱንም ያህል ቢተጋ መንገድ ላይ ይቆማል።

ይህ ትምህርት ለአገልግሎት ፈላጊው ዜጋም ይጠቅማል። የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ነዋሪ በአካባቢው መንገድ ሲቆፈር፣ ቧንቧ ሲዘረጋ ወይም ሕንፃ ሲቆም ሥራውን የሚመራው ማን እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣና መቼ እንደሚጠናቀቅ መጠየቁ ተገቢ ነው። አጼ ምኒልክ ድልድዩን ከመፍቀዳቸው በፊት ናሙናውን በእጃቸው ፈትነዋል፤ የሥራው ባለቤት የሆነው ሕዝብም ጥያቄ በማቅረብ የሚፈጽመው ያንኑ ተግባር ነው።