ሉዊ ቡታን፦ የባሕርን ወለል ለዓይን ያበቃው ሊቅ

በዘመናችን በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትን ምስል በቴሌቪዥንም ሆነ በእጅ ስልክ መመልከት እንግዳ ነገር አይደለም። ከ130 ዓመታት በፊት ግን ወደ ባሕር ወለል ወርዶ የተመለሰ ሰው ያየውን ለሌላው የሚያሳይበት መንገድ አልነበረውም። ጠላቂው ያየውን በቃሉ ይተርካል፤ ሠዓሊው የሰማውን በቀለም ይሥላል፤ አድማጩና ተመልካቹ ግን እውነቱን ከግምት የሚለዩበት ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመድፈን ካሜራ ይዞ ወደ ባሕር የጠለቀው ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱንና የሥራውን ታሪክ እናስቃኛችኋለን፤ የተጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡታን በ1859 በፈረንሳይ፣ በቬርሳይ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወትንና የተፈጥሮ ታሪክን አጠና። ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1880 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ አውደ ርእይ የፈረንሳይን ክፍል በማደራጀት ሥራ እንዲሳተፍ በመንግሥት ተላከ። በዚያም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ የአገሩን እንስሳት ሲያጠና ከረመ። ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ ትኩረቱ ወደ ባሕር ዞረ፤ በተለይም ቀንድ አውጣን በመሰሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ላይ መመራመር ጀመረ።

የዚያ ዘመን የባሕር ተመራማሪ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ከጀልባ ላይ ሆኖ ነበር። መረቡን ወደ ጥልቁ ይጥላል፤ የተያዘውን ጎትቶ ያወጣል። ይህ አሠራር እንስሳውን ከኖረበት ስፍራ ነጥሎ ስለሚያቀርብ፣ በምን እንደሚጠለልና ከማን ጋር እንደሚጎራበት አይናገርም። አዝመራን ከማሳው ሳይሆን ከገበያ አይቶ ስለ አስተራረሱ ለመናገር እንደመሞከር ያለ ነው። ቡታን በዚህ አልረካም። በ1886 የጠላቂ ልብስ ለብሶ መጥለቅን ተማረ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ጠላቂው ከመዳብ የተሠራ የራስ ቁር ይደፋል፤ እርሳስ የተጫነበት ጫማ ያጠልቃል። የሚተነፍሰውን አየር ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች በእጅ በሚሠራ ፓምፕ እየገፉ በረጅም የጎማ ቱቦ ይልኩለታል። ቱቦው ቢቆረጥ ወይም ፓምፑ ቢቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቡታን ግን ይህን ሁሉ ታግሦ የባሕሩን ወለል በዓይኑ ተመለከተ፤ ባየው ውበትም ተደነቀ። ሆኖም ወደ ላይ ሲወጣ ለባልደረቦቹ የሚያቀርበው ቃሉን ብቻ ነበር። ካሜራ ወደ ታች የማውረድ ሐሳብ የተጠነሰሰው ከዚህ ቁጭት ነው።

ሐሳቡን የሞከረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አልነበረም። በ1856 ዊሊያም ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ በዌይማውዝ የባሕር ዳርቻ ካሜራውን በሣጥን ከትቶ ከጀልባ ላይ አውርዶ ነበር። ውኃ ወደ ሣጥኑ ስለ ገባበት ያገኘው ምስል ደብዛዛ ሆነ፤ ሙከራውም በዚያው ቀረ። ቡታን ከዚህ የሚለየው ራሱ አብሮ በመውረዱና ችግሮቹን አንድ በአንድ እየለየ መፍትሔ በመፈለጉ ነው።

በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ፣ ለስፔን ድንበር በምትቀርበው ባንዩል ከተማ፣ አንሪ ደ ላካዝ ዱቲዬ የተባለ ዕውቅ የእንስሳት ሊቅ ያቋቋመው አራጎ የተሰኘ የምርምር ጣቢያ ይገኛል። ቡታን በ1893 ሙከራውን የጀመረው በዚህ ጣቢያ ነው። ካሜራውን የሚሸከመውን ሣጥን የነደፈለት መሐንዲስ የሆነው ወንድሙ ኦጉስት ነበር። ሣጥኑ ከመዳብ የተሠራ፣ ውኃ የማያስገባና ለሌንሱ የመስታወት መስኮት የተበጀለት ነው። ከታሸገ በኋላ ውስጡን በእጅ መንካት ስለማይቻል፣ መዝጊያውን የሚከፍቱና ብርሃን የሚቀበሉትን መስታወቶች የሚለዋውጡ እጀታዎች በውጭ በኩል ተገጠሙለት። በዚያ ዘመን ምስል የሚቀረጸው በፊልም ጥቅል ሳይሆን ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ነበርና።

ቀጣዩ ፈተና የውኃው ግፊት ነበር። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት፣ በምድር ላይ ከሚሰማን የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ተጨማሪ ግፊት ይደርባል። በየብስ ላይ ምንም ቀዳዳ የሌለው የሚመስል ሣጥን ወደ ታች ሲወርድ በጥቂት ስንጥቅ በኩል ውኃ ያስገባል። የወንድማማቾቹ መፍትሔ ቀላልም ብልሃት የተሞላበትም ነበር። አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ከሣጥኑ ጋር አገናኙ። ጥልቀቱ ሲጨምር ውኃው ከረጢቱን ይጨምቃል፤ የተጨመቀው አየር ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ በዚህም የውስጡና የውጩ ግፊት ይመጣጠናል። ግፊቱን በወፍራም ብረት ከመታገል ይልቅ ራሱን ግፊቱን ሥራ ላይ አዋሉት።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ጉዳይ ብርሃን ነው። በክረምት የደፈረሰ ወንዝ የተሻገረ ሰው እግሩ የሚረግጠውን ማየት እንደሚሳነው ያውቃል። ጥርት ያለ የባሕር ውኃም ቢሆን ብርሃንን ይቀንሳል፤ ደግሞም ቀለሞችን እኩል አያሳልፍም። ቀዩ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይደክማል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ስለሆነም የቡታን ቀደምት ፎቶግራፎች እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ ይጠይቁ ነበር። ካሜራው በመቆሚያው ላይ ሆኖ ከወለሉ ይተከላል፤ ጠላቂው መዝጊያውን ይከፍታል፤ ከዚያም ጭቃና አሸዋ እንዳይቀሰቀስ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከላይ ያሉት ሰዎች አየር መግፋታቸውን ለአፍታም አያቋርጡም። ከሌንሱ ፊት ሰማያዊ መስታወት ማኖሩም ምስሉን ይበልጥ ጥርት እንዳደረገለት ተገነዘበ።

ይሁን እንጂ ግማሽ ሰዓት ያህል ጸንቶ የሚቆመው ድንጋይ ብቻ ነው። ዓሣ ቆሞ አይጠብቅም። ቡታን ስለዚህ የራሱን ብርሃን ይዞ ለመውረድ ወሰነ። ሾፉር የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የማግኒዥየም ሽቦ ኦክስጅን በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ እንዲነድ የሚያደርግ መብራት ሠራለት። ሽቦው ግን እኩል አይነድም፤ ብርጭቆውም በሙቀቱ ይፈነዳ ነበር። ቡታን ይህን ትቶ ሌላ ዘዴ ሞከረ። 200 ሊትር በሚይዝ የእንጨት በርሜል ላይ የአልኮል ኩራዝ አኑሮ በመስታወት ሸፈነው፤ በርሜሉ ለነበልባሉ የሚያስፈልገውን አየር ይመግባል። የጎማ መንፊያ ሲጨመቅ የማግኒዥየም ዱቄት በነበልባሉ ላይ ይበተንና ደማቅ ብልጭታ ይፈጥራል። በርሜሉን ለማስመጥ ብዙ ክብደት ማሰር ግድ ነበር፤ ቢሆንም በውኃ ውስጥ ያለ ፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሳት እንደሚቻል ተረጋገጠ።

ቆይቶም ትልቅ ካሜራ አሠራ። ይህኛው ከክብደቱ የተነሣ ከውኃ ሲወጣ ለሦስት ሰዎች እንኳ ፈተና ነበርና፣ በባሕር ውስጥ እንዲቀል ባዶ በርሜል ታሰረበት። በምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ደግሞ በጀልባ ላይ ከተቀመጡ ባትሪዎች ኃይል የሚያገኙ የኤሌክትሪክ መብራቶችን ከካሜራው ጋር አውርዶ፣ ጠላቂ ሳይኖር እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ፎቶግራፍ ለማንሳት በቃ። በዚሁ ዘመን የሮማኒያው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤሚል ራኮቪታ በጠላቂ ልብስ ሆኖ በባሕር ውስጥ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ በውኃ ውስጥ ከተነሡ የሰው ምስሎች ቀዳሚው ተብሎ ይጠቀሳል። በ1900 ቡታን የሥራውን ዘዴ፣ ውጤቱንና የከሸፉትን ሙከራዎች ጭምር በመጽሐፍ አሳትሞ ለተከታዮቹ አስረከበ።

ቀሪው ዕድሜውም በሥራ ያለፈ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ኢንዶቻይና ተጉዞ ለዓመታት ምርምር አካሄደ። ከዚያም በቦርዶ፣ ኋላም በአልጄሪያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ስለ ዕንቁ አፈጣጠርም ተመራመረ። በ1934 በአልጄሪያ በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

የቡታን መዳብ ሣጥን ዛሬ በእጅ መዳፍ በሚያዝ የፕላስቲክ ወይም የአልሙኒየም መያዣ ተተክቷል። የባሕሩ ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ ስለዚህም የውኃ ውስጥ ካሜራ የሚመርጥ ሰው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች የእርሱ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ግፊት ነው፤ መያዣው ስንት ሜትር ድረስ እንደተፈተነ ሳያረጋግጡ መግዛት ካሜራውን ለውኃ አሳልፎ መስጠት ነው። ክዳኑን የሚያሽገው ጎሚኒ ላይ አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ብታርፍ ውኃ መግቢያ ያገኛል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው መያዣውን ባዶውን ያጠልቁታል፤ ካሜራው የሚገባው ውስጡ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው። ከባሕር ሲመለሱም ጨዉ እንዳይበላው በንጹሕ ውኃ ያጥቡታል።

ሁለተኛው ሌንስ ነው። ዱላ በውኃ ሲነከር የተሰበረ እንደሚመስል ሁሉ፣ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል የሚታይ ነገር ከትክክለኛ ቦታው የቀረበና የገዘፈ ይመስላል። በካሜራውና በሚነሣው ነገር መካከል ያለው ውኃ በበዛ ቁጥርም ምስሉ ይደበዝዛል። ስለሆነም ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ይዞ ወደሚነሣው ነገር መቅረብ፣ ከሩቅ ስቦ ከማንሳት ይሻላል። ሦስተኛው መብራት ነው። የጠፋውን ቀይ ቀለም የሚመልሰው ፍላሽ ሲሆን፣ ከሌንሱ ራቅ ብሎ በጎን በኩል ካልተያዘ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቅንጣት ሁሉ ያበራና ምስሉን በነጠብጣብ ይሞላዋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ መልሱ በገበያ ይገኛል። ቡታን ግን መልሱን ያገኘው በተሰበረ ብርጭቆ፣ በከባድ በርሜልና በባሕር ወለል ላይ በትዕግሥት ባሳለፋቸው ደቂቃዎች ነው። እርሱ ካነሣቸው ምስሎች በኋላ ስለ ባሕር ወለል የሚናገር ሰው ቃሉን ብቻ ይዞ መቅረቡ ቀርቷል።