ዣን-ሌዮን ዤሮም

ዣን-ሌዮን ዤሮም (እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1824 – ጃንዋሪ 10 ቀን 1904) ፈረንሳዊ ሠዓሊ፣ ቀራፂና የሥዕል መምህር ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው የግብፅን፣ የቱርክንና የሌሎች የምሥራቅ አገሮችን ኑሮ በሚያሳዩ፣ ኦሪየንታሊስት በሚባሉ ሥዕሎቹ ነው። በሕይወት ሳለ ሥራዎቹ እጅግ ውድ ነበሩ፤ ከሞተ በኋላ ዋጋቸው ወደቀ፤ ቆይቶም እንደገና ወጣ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ዋጋ እንዴት እንደሚገመት ለሚያጠና ሰው ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

የተወለደው በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው ቨዙል ከተማ ሲሆን አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። በ1840 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከሠዓሊው ፖል ደላሮሽ ዘንድ መማር ጀመረ፤ በኋላም መምህሩን ተከትሎ ወደ ጣልያን ተጓዘ። ወጣት ሠዓሊዎች ይመኙት በነበረው የሮማ ሽልማት ውድድር አልተሳካለትም። ነገር ግን በ1847 ሳሎን በተባለው የፓሪስ ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ የአውራ ዶሮዎች ፍልሚያ የሚያሳይ ሥዕል አቅርቦ የሦስተኛ ደረጃ ሜዳልያ ተሸለመ፤ ስሙም በዚያው ታወቀ።

ወደ ምሥራቅ

በ1856 ግብፅን ጎበኘ። ከጉዞ ጓደኞቹ አንዱ፣ በኋላ በኒው ዮርክ የቆመውን የነጻነት ሐውልት የሠራው ባርቶልዲ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። ዤሮም ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ወደ ምሥራቅ ሄዷል፤ ትልልቆቹን ሸራዎች ግን የሚሠራው ፓሪስ ተመልሶ፣ ከንድፎቹ፣ ከፎቶግራፎችና ከሰበሰባቸው አልባሳት እየተነሣ ነበር። የብሩሹ ዱካ እስከማይታይ ድረስ ገጹን ስለሚያለሰልሰው ተመልካቹ ዓይኑ ያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበል ነበር።

ገበያው

በ1863 የታዋቂውን የሥዕል ነጋዴ የአዶልፍ ጉፒልን ልጅ ማሪን አገባ። ጉፒል ዋናውን ሥዕል ለሀብታም ይሸጣል፤ የሥዕሉን ህትመት ደግሞ አቅሙ ለማይችለው በርካሽ ያቀርባል። በዚህ መንገድ የዤሮም ስም አሜሪካ ድረስ ደረሰ። በ1872 የሠራውንና የሮማ ግላዲያተሮችን የሚያሳየውን ፖሊቼ ቬርሶ የተባለ ሥዕል የኒው ዮርኩ ነጋዴ አሌክሳንደር ስቱዋርት በ80,000 ፍራንክ ገዛው።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን እባብ አጫዋቹ የሚባለው ሥዕል ታሪክ ነው። ዤሮም በ1879 ገደማ የሣለው ሲሆን በሰማያዊ ሸክላ በተለበጠ ግድግዳ ፊት አንድ ልጅ እባብ ተጠምጥሞበት ቆሞ፣ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ ያሳያል። በ1880 አሜሪካዊው አልበርት ስፔንሰር ከጉፒል በ75,000 ፍራንክ ገዛው። በ1888 ደግሞ አልፍሬድ ኮርኒንግ ክላርክ 19,500 ዶላር ከፈለበት። ክላርክ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሸጠችው። በ1942 ልጃቸው ስተርሊንግ ክላርክ ያንኑ ሥዕል መልሶ ሲገዛው የከፈለው 500 ዶላር ብቻ ነበር፤ አባቱ ከከፈለው ሠላሳ ዘጠነኛው እጅ ማለት ነው። ሸራው ያው ሸራ ነው፤ የተለወጠው የገዢው ዓይን ነው። ዛሬ በማሳቹሴትስ፣ ዊልያምስታውን፣ በክላርክ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል።

መምህርነትና የመጨረሻ ዓመታት

ከ1864 ጀምሮ በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአርባ ዓመት ገደማ አስተማረ። ከተማሪዎቹ መካከል አሜሪካዊው ቶማስ ኤኪንስ ይገኝበታል። ኢምፕሬሽኒስቶችን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ በ1894 የሠዓሊው ካይቦት የኑዛዜ ስብስብ ለመንግሥት ሲሰጥ ተቃውሞውን በይፋ አሰማ። ዘመኑ ግን ወደ እነርሱ አዘነበለ፤ የዋጋው ውድቀትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ1904 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ መቃብሩ በሞንማርትር ነው።

ከሞት በኋላ

በ1978 የኤድዋርድ ሳዒድ ኦሪየንታሊዝም የተባለው መጽሐፍ እባብ አጫዋቹን በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። በ1983 የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሊንዳ ኖክሊን የሥዕሉ ጥራት ራሱ ፈጠራውን ለመሸፈን ያገለግላል ስትል ተቸች። በእርግጥም ግድግዳው የኢስታንቡሉን የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሸክላዎች ይመስላል፤ ትዕይንቱ በሙሉ ግን ከተለያዩ አገሮች የተገጣጠመ ነው። ትችቱ ገበያውን አላቆመውም። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመካከለኛው ምሥራቅ ገዢዎች፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዎች ጭምር፣ እነዚህን ሥዕሎች በብዛት ይገዙ ጀመር፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት የጠፋውን አለባበስ፣ የጦር መሣሪያና ሕንፃ የሚያሳይ ምስል ነው።

አንድ የዤሮም ሥዕል ለጨረታ ሲቀርብ ገማቾች ፊርማውን ብቻ አያዩም። ጄራልድ አከርማን በ1986 ባሳተመው የዤሮም ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያጣራሉ፤ በሎስ አንጀለስ ጌቲ የምርምር ተቋም በሚገኙት የጉፒል መዝገቦች ማን ለማን እንደሸጠው ይከታተላሉ። ቀለሙ ስስና ልስልስ ስለሆነ በክፉ እጅ የተጠረገ ሸራ ዋጋውን ያጣል። የምሥራቅ ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ ከግሪክና ከሮማ ታሪክ ሥዕሎቹ የበለጠ ይፈለጋል።

በኦክቶበር 2019 በለንደኑ የሶዝቢ ጨረታ በረሃ የሚያቋርጡ ፈረሰኞች የሚያሳይ ሥዕሉ በ3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ከአንድ ወር በፊት እዚያው ለንደን ውስጥ፣ የእርሱ ተማሪ እንደነበረ የሚነገርለት የኦቶማኑ ሠዓሊ ኦስማን ሐምዲ ቤይ የሣላት የምታነብ ወጣት ሴት ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥታ ነበር።