ለአባታቸው ያሠሩት መቃብር

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የዘለቀ ሰው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ሳያይ አይመለስም። መቃብራቸውን ያየ ግን ጥቂት ነው። መቃብሩ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በበአታ ለማርያም ገዳም ይገኛል፤ ያሠሩትም ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።

ዘውዲቱ የተወለዱት በ1868 ዓ.ም. ነው። ገና በሕፃንነታቸው ዕጣቸው ከእኛ አገር ታሪክ ጋር ተያያዘ። በ1874 ዓ.ም. ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ሁለቱ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው የተቆጡት አጼ ዮሐንስ ወሎን ከምኒልክ ወሰዱ። በእርቁም ዘውዲቱ፣ ስድስት ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። የእምባቦ ዕዳ በሕፃን ልጅ ተከፈለ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ። ዘውዲቱ በኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ።

አጼ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ መኳንንቱ የሥልጣን ሽኩቻ ፈርተው ሞታቸውን ደበቁ። እስቲ አስቡት፤ የዐድዋው ንጉሥ በወግ ሳይለቀስላቸው አስከሬናቸው በቤተ መንግሥት ተቀመጠ! ዘውዲቱንም ልጅ ኢያሱ ከከተማ አርቀው ፋሌ አስቀመጧቸው። ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆኑ። ዘውድ ለመጫን ግን ዘውዲቱ ከጉግሣ መለየት ነበረባቸው።

እኔ እንደሚመስለኝ የበአታ ሥራ ለሳቸው የቀረ የልቅሶ ዕዳ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው ሕንፃ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ትልቁ ጉልላት አናቱ ላይ ዘውድ ደፍቷል፣ በማዕዘኖቹ ትናንሽ ጉልላቶች አሉ፣ ደጁን የድንጋይ አንበሶች ይጠብቁታል። መቃብሩ ከወለሉ በታች ነው። በደረጃ ተወርዶ የእምነበረድ ሣጥኖቹ ይታያሉ፤ ምኒልክ መካከል፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ግራና ቀኝ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ አንቺም ላይ ወደቁ። ታማ የነበሩት ንግሥትም በሁለተኛው ቀን አረፉ፤ ራሳቸው ባሠሩት ቤትም ተቀበሩ።

ዘውዳቸውን የወረሱት ተፈሪ፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ፣ በበኩላቸው በደርግ ዘመን በወግ አልተቀበሩም። አፅማቸው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ያረፈው እዚያው በአታ ነበር፤ ወደ መንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተወሰደው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።